ሆን ተብሎ የተፈጠረው ግጭት ምን አስቀጣ?

ጥያቄ፦ በፎርሙላ ዋን መኪናን ሆን ብሎ ማጋጨት ምን ያስቀጣል?

መልስ፦ ዋናው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የሲንጋፖር ውድድር ነው። የሬኖ ቡድን ተወዳዳሪው ኔልሰን ፒኬ ጁኒየር ከአለቆቹ ጋር በተመከረው መሠረት መኪናውን ከግድግዳ ጋር አላተመ። ግጭቱን ተከትሎ የደህንነት መኪና ሲገባ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ገና ነዳጅ አልቀዱም ነበር፤ ከ15ኛ ቦታ የተነሳው የቡድን ጓደኛው ፈርናንዶ አሎንሶ ግን ቀድሞ ቀድቶ ስለነበር ሌሎቹ ለመቅዳት ሲቆሙ አልፏቸው አሸነፈ። በ2009 ከቡድኑ የተሰናበተው ፒኬ ምስጢሩን አወጣ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የቡድኑን ኃላፊ ፍላቪዮ ብሪያቶሬን ላልተወሰነ ጊዜ፣ መሐንዲሱን ፓት ሲሞንድስን ለ5 ዓመት አገደ። በራሱ በሬኖ ቡድን ላይ የተጣለው እገዳ ግን በሁለት ዓመት ገደብ ታለፈ፤ ለጥፋቱ ክብደት ለዘብ ያለ ውሳኔ ነበር። በ2010 የፓሪስ ፍርድ ቤት የሁለቱን ኃላፊዎች ቅጣት ሻረ። እውነቱን የተናገረው ፒኬ አልተቀጣም፤ የአሎንሶ ድልም አልተሰረዘም።