ስለ ከርነልና ስለ ኮምፓይለር ደረጃዎች

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ አቋራጭ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን አቋራጭ ሁሉ መልካም አይደለም፤ አንዳንዱ ከገደል ያደርሳል። በኮምፕዩተር ትምህርትም ይህን የሚመስል ነገር ስላለ፣ ለተማሪ ጓደኞቼ ጥቂት ላስረዳ እወዳለሁ።

ከርነል ማለት የኮምፕዩተሩን ማኅደረ ትውስታና መሣሪያዎች የሚያስተዳድር፣ የሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ መሠረት የሆነ ፕሮግራም ነው። ከነዚህም አንዱ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ አገር የጀመረው ሊነክስ ነው። ሰው በሲ ቋንቋ የጻፈውን ወደ ኮምፕዩተሩ ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል።

ኮምፓይለሩ ምን ያህል እንዲያሳጥርና እንዲያፋጥን በደረጃ ይታዘዛል። ጂ.ሲ.ሲ. በተባለው ኮምፓይለር ኦ-0 ማፋጠን የሌለበት ነው፤ ኦ-2 መካከለኛ፣ ኦ-3 ከፍተኛ ነው፤ ኦ-ኤስ መጠንን ለማሳነስ ነው። ሊነክስ በኦ-0 አይገነባም፤ የተለመደው ደረጃ ኦ-2 ነው።

«ከፍተኛው ሳለ መካከለኛው ስለ ምን ተመረጠ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኦ-3 ትእዛዞችን እየደጋገመ ስለሚዘረጋ ከርነሉን ያገዝፈዋል። ፕሮሰሰሩ ግን ትእዛዞችን በቅርብ የሚያኖርባት ካሽ የምትባል ጠባብ ጓዳ ናት ያለችው፤ እርስዋ ስትሞላ ወደ ሩቁ ጎተራ፣ ማለት ወደ ዋናው ማኅደረ ትውስታ፣ መመላለስ ግድ ነው። ስለዚህ ለፍጥነት የታሰበው ሊያዘገይ ይችላል።

ከመዘግየትም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቱን በተባለው የሊነክስ የኔትዎርክ ክፍል፣ አንድ አድራሻ ጠቋሚ አስቀድሞ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ «ባዶ ነውን?» የሚል መፈተሻ ተጽፎ ነበር። ኮምፓይለሩም «ከተሠራበት ወዲያ ባዶ ሊሆን አይችልም» በሚለው ደንቡ መፈተሻውን ሠረዘው። ዘበኛው ከበር ተነሣ፤ ተራው ተጠቃሚ የኮምፕዩተሩ ሁሉ አዛዥ የሚሆንበት ቀዳዳ ተከፈተ። ኋላ የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ታረመ፤ ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን መፈተሻ እንዳይሠርዝ የሚከለክል ትእዛዝም በከርነሉ መገንቢያ ላይ ተጨመረ።

እንግዲህ ከርነል ለመገንባት የሚፈልግ ተማሪ ከኦ-2 ይጀምር፤ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ፍጥነቱን ደጋግሞ ይለካ፤ ምክንያቱን ያላወቀውን ክልከላ አያንሣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።