መምህሩ አስቀድሞ ማየት ሲማር

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያዩ፦ አንድን ሥዕል ዐወቅሁት ለማለት የሠዓሊውን ስምና የተሣለበትን ዘመን መናገር ይበቃልን?

ምንባብ

ስለ አንድ ሥዕል በክፍል ውስጥ ትምህርት ሲሰጥ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው። መምህሩ የሠዓሊውን ስምና ሥዕሉ የተሠራበትን ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ትርጉሙን ያስረዳል። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ በፈተና ጊዜም ያንኑ መልሰው ይጽፋሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ሥዕሉን በእርግጥ የተመለከተው ማን ነው? መምህሩ ከመጽሐፍ አነበበ፤ ተማሪውም ከመምህሩ ሰማ። ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ እንጂ የማንም ምናብ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ይህን ጉድለት ለማቃናት ከተደረጉት ጥረቶች መካከል በኒው ዮርክ ከተማ የተጀመረው በተለይ ሊጠና ይገባዋል። በዚያች ከተማ ሊንከን ሴንተር የሚባል ታላቅ የሙዚቃ፣ የቴአትርና የዳንስ ማዕከል አለ። ልጆችን ወደ አዳራሽ አምጥቶ ትርኢት አሳይቶ መመለስ ብቻውን ብዙ ፍሬ እንደማያፈራ የተገነዘቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ሊንከን ሴንተር ኢንስቲትዩት የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ተቋሙም ሥራውን ከተማሪዎች ሳይሆን ከመምህራን ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ፈላስፋ ማክሲን ግሪን የተቋሙ አማካሪ ፈላስፋ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1917 ተወልደው በ2014 ያረፉት እኚህ ሴት በየበጋው ለመምህራን ያሰሙት የነበረው ንግግር ተሰብስቦ በ2001 በመጽሐፍ ታትሟል።

ወደ ሥልጠናው የሚመጡት የሥነ ጥበብ መምህራን ብቻ አልነበሩም፤ ቋንቋና ታሪክ፣ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩም ነበሩባቸው። እነዚህ መምህራን በዕረፍታቸው ወራት ተሰብስበው ከሙዚቀኞች፣ ከዳንሰኞችና ከሠዓልያን ጋር ይሠራሉ። አንድ የዳንስ ትርኢት ከማየታቸው በፊት ራሳቸው ተነሥተው፣ ለምሳሌ መውደቅንና መነሣትን፣ ያለ ቃል በአካላቸው ለመግለጽ ይሞክራሉ። ዕድሜ ልኩን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያዝ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም! ሆኖም የሞከረ ሰው ትርኢቱን ሲያይ ዳንሰኛው የመረጠውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ያስተውላል፤ እርሱ ራሱ ሌላ መርጦ ነበርና። ከዚያም ይወያያሉ፤ የሚቻል ሲሆን ደግመው ያያሉ፤ በመጨረሻም ለተማሪዎቻቸው የሚሆነውን ትምህርት ከጥበብ ባለሙያው ጋር አብረው ያዘጋጃሉ።

በማክሲን ግሪን አስተሳሰብ የዚህ ትምህርት ዓላማ ሠዓልያንን ማፍራት አይደለም፤ የሥነ ጥበብን ታሪክ ማስጠናትም አይደለም። ምናብ ማለት ነገሮች አሁን ካሉበት በተለየ ሁኔታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ መቻል ነው። የሌላውን ሰው ሥቃይና ተስፋ እንደ ራስ አድርጎ መረዳትም ከዚሁ ኃይል የሚመነጭ ነው። ምናቡ ያንቀላፋ መምህር የተማሪዎቹን ምናብ ሊቀሰቅስ አይችልም።

የአሠራሩን ጠባይ ለመረዳት አንድ ሥዕል ለምሳሌ እንውሰድ። ይህም ስፔናዊው ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1937 በፓሪስ የሣለው «ጌርኒካ» ነው። መምህሩ ስሙንም ታሪኩንም ሳይናገር ሥዕሉን ብቻ ያሳያል፤ «ምን ታያላችሁ?» ብሎም ይጠይቃል። አንዱ በመካከል የቆሰለ ፈረስ አለ ይላል። ሌላው በስተግራ ኮርማ፣ ከሥሩም የሞተ ሕፃን ታቅፋ የምትጮኽ እናት ያያል። የተሰበረ ሰይፍ የጨበጠ የወደቀ ሰው፣ በእጁ አጠገብ ያለችው ትንሽ አበባ፣ ከላይ የሚያበራው አምፖል፣ መብራት ይዛ በመስኮት የምትዘረጋው ሴት እያሉ ይቀጥላሉ። «ለምን ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ሆነ?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። እዚህ ላይ መምህሩ መልሱን ለመንገር ይቸኩል ይሆናል፤ ሥልጠናው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ግን ዝም ማለትን ነው።

ታሪኩ የሚነገረው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲፈልጉት ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 1937 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የተባለችውን የባስክ ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ይህ ከታወቀ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ ሥዕሉ ይመለሳሉ፤ አውሮፕላኑንም ቢፈልጉት አያገኙትም። ሠዓሊው አውሮፕላንም ቦምብም አልሣለምና። ለምን? ከዚህች ጥያቄ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወጣል።

ከጌርኒካ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል አስቀድሞ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበው ነበር። ስለዚያ ቀን ከአያቶቹ የሰማ ተማሪ በሥዕሉ ውስጥ ያለችውን እናት እንደ ባዕድ አያያትም። የተማሪው ዕውቀት ከመምህሩ የሚበልጥበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ መምህሩም ይህን በጸጋ መቀበል አለበት።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ፈተና ይደርሳል፤ ሙዚየም በአቅራቢያ የለም ይባላል። ስለ ጊዜው የሚባለው እውነት ነው። ስለ ሙዚየሙ የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። በመጽሐፍ የታተመ ሥዕል ዋናውን አይተካም፤ «ጌርኒካ» ቁመቱ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 7.8 ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ልክ ገመድ በግድግዳ ላይ የወጠረ ክፍል ስለ ሥዕሉ ግዙፍነት ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ይማራል።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። ሁሉም የመሰለውን ከተናገረ እውነትና ስሕተት በምን ይለያሉ? መፍትሔው ራሱ ሥራው ነው። አንድ ተማሪ «ይህ ሥዕል ተስፋ አለበት» ቢል፣ መምህሩ «የቱ ጋ አየኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው አበባዋን ካመለከተ ክርክሩ ይቀጥላል፤ የሚያመለክተው ካጣ ግን ቃሉን ይስባል። ይህን ጥያቄ ሳይቆጣና ሳያሳፍር መጠየቅ ለብዙ መምህራን ከዳንሱ የበለጠ ልምምድ ይጠይቃል።

መልመጃ

ሀ. «ምናብ»፣ «ማስተዋል» እና «ማየት» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

ለ. መምህሩ የሥዕሉን ታሪክ መጀመሪያ ቢናገር ኖሮ ተማሪዎቹ ምን ያጡ ነበር? ትስማማላችሁን?

ሐ. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ሥዕሎች፣ ቅርጻ ቅርጾች ወይም የጥልፍ ሥራዎች አንዱን ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ያያችሁትን ብቻ በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ትርጉሙን አትጻፉ።