ማነው ልባችሁን የማረከው?

ምንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 5፥1-5፤ ሉቃስ 14፥28-30፤ ቆላስይስ 2፥8

የዛሬው ትምህርታችን «መማረክ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ነው።

ቃሏን ሁላችንም እንጠቀምባታለን። መዝሙር ደስ ሲለን «ልቤን ማረከው» እንላለን። ንግግር የሚያምርለትን ሰው «ማራኪ አንደበት አለው» ብለን እናመሰግነዋለን። የቃሏ ቤት ግን ጦር ሜዳ ነው። በጦርነት የተያዘ ሰው ምርኮኛ ይባላል፤ ከተሸነፈው ወገን የተወሰደውም ምርኮ ነው። እንግዲህ «ማረከኝ» ስትሉ «እጄን ሰጠሁ» ማለታችሁ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? ልብ ሲማረክ ጠመንጃ አይታይም። ሰው እየሳቀ ይማረካል።

ጳውሎስ የቆላስይስን ክርስቲያኖች ማንም በከንቱ ማታለል እንዳይማርካቸው አስጠነቀቃቸው። በመልእክቱ መጨረሻ ደግሞ እስራቱን እንዲያስቡ ይለምናቸዋል (4፥18)። አያችሁ? እጁ የታሰረው ሰው፣ እጃቸው ያልታሰረውን ሰዎች «ከምርኮ ተጠበቁ» ይላቸዋል። የሚበልጠው ምርኮ የልብ ምርኮ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

አሁን ወደ ንዕማን ቤት እንግባ። እዚያ ከእስራኤል ምድር ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ አለች። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ከአገሯና ከወገኖቿ ተለይታ በሰው ቤት ታገለግላለች። አንድ ቀን ለእመቤቷ ጌታዋ በሰማርያ ባለው ነቢይ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ከለምጹ ይፈወስ እንደነበር ነገረቻት። ያቺ አጭር ንግግር ከእመቤቲቱ ወደ ንዕማን፣ ከንዕማን ወደ ንጉሡ ደረሰች። ምርኮኛዋ ልጅ የማረኳትን ሰዎች ጆሮ ማረከች ማለት ነው! በምን? በአነጋገር ጥበብ አይደለም። የተናገረችው እውነት ነበር፤ የሚጠቅመውም ሰሚውን ነበር። ለራሷ ምንም አልጠየቀችም።

ይህን ይዘን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እዚህ ካምፕ ውስጥ መጠበቅ ያደክማል። ፕሮሰሱ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ራሽኑ ያንሳል፣ ዓመቱ ይሄዳል። ልክ በዚህ ሰዓት ደላላው ይመጣል። ስልኩን ከፍቶ የደረሱ ልጆችን ፎቶ ያሳያል። «አሁን ምንም አትክፈል፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል። ወሬው ይጥማል፤ ወንድማችን፣ እኅታችን ይማረካሉ። ከዚያ በሊቢያ መንገድ ላይ በር ይዘጋባቸዋል፤ ለቤተሰብ ስልክ ይደወላል፤ ገንዘብ ይጠየቃል። ልባቸው አስቀድሞ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተማርኮ ነበር፤ ሰውነታቸው የተያዘው በኋላ ነው።

ጌታችንም ሰዎችን ይስብ ነበር፤ ሕዝቡ ከአፉ የሚወጣውን ለመስማት ይጓጓ ነበር (ሉቃስ 19፥48)። ነገር ግን ዋጋውን አልደበቀም። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቁጠር አለ። ሀብታሙ ሰው አዝኖ ሲሄድም እየወደደው ተወው እንጂ በግድ አልያዘውም (ማርቆስ 10፥21-22)። ደላላ ዋጋውን ይደብቃል፤ ኢየሱስ ግን ቁጠሩት ይላል።

ስለዚህ አንድ ንግግር ልባችሁን ሲማርከው፣ እጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዋጋውን በግልጽ ነግሮኛል? ሁለተኛ፣ ሰው እንዳማክር፣ እንድጠይቅ ጊዜ ይሰጠኛል? ወይስ «ለማንም እንዳትነግር፣ ዛሬ ማታ ነው» ይለኛል? ሦስተኛ፣ እኔ ብሰማው የሚጠቀመው ማነው? ይህ ጥያቄ ለደላላ ብቻ አይደለም። ለሰባኪም፣ ለዘማሪም፣ ይህን ወረቀት ለጻፈውም ይሠራል።

የምንናገርም ብንሆን እንደዚያች ልጅ እንናገር። ለመማረክ አንጨነቅ፤ እውነቱን ለሰሚው ጥቅም እንናገር።

ለውይይት
1. በዚህ ሳምንት ልባችሁን የማረከው ወሬ ምን ነበር? በሦስቱ ጥያቄዎች መዝኑት።
2. ለመሄድ ያሰበ ልጅ ቢያማክራችሁ፣ ሳትቆጡት ምን ትሉታላችሁ?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ልባችንን ጠብቅ። በመንገድ የተያዙ ልጆቻችንን አስፈታልን። በመጠበቅ የደከምነውንም በእውነትህ አጽናን። አሜን።