ከደብተር ሥር የሚነበበው መጽሐፍ

መምህሩ ስለ ግስ ሲያስረዳ ከኋላ ወንበር ያለች ተማሪ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ካለች ያሳቃት ግስ አይደለም። ከደብተሯ ሥር መጽሐፍ አለ። ዛሬ ዛሬማ ስልክም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ስለ ፍቅርና ስለ ጓደኝነት የሚያወራ፣ በአንድ ከሰዓት ተነቦ የሚያልቅ ቀጭን ልብ ወለድ ነው። ነገ ክፍል የምንገባ እጩ መምህራን ያን መጽሐፍ ምን እናደርገዋለን? ቀምተን መሳቢያ ውስጥ እንቆልፍበታለን ወይስ ሌላ መላ አለ? ከመፍረዳችን በፊት መጽሐፉን እስቲ ገልጠን እንዴት እንደተሠራ እንይ።

ይህ ዓይነት ጽሑፍ በአሜሪካ የቆየ ነው። ቤቨርሊ ክሊሪ የተባሉት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1956 «ፊፍቲን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ጄን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ አንዲት አስቸጋሪ ሕፃን ስትጠብቅ፣ የውሻ ምግብ ሊያደርስ የመጣ ስታን የሚባል ልጅ ታያለች። በቃ፣ ታሪኩ ከዚሁ ይነሣል። ይደውል ይሆን? ምን ልልበስ? ሰው ምን ይለኛል? ደም አይፈስም፣ መንግሥት አይገለበጥም። ክሊሪ ቀድሞ በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ ልጆች እንደነሱ ስላሉ ልጆች የሚተርክ መጽሐፍ እየጠየቁ ሲያጡ ያዩ ነበር። የጻፉትም ለነዚያ ልጆች ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተስፋፍቶ ተከታታይ መጻሕፍት መጡ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍራንሲን ፓስካል የጀመሩት «ስዊት ቫሊ ሃይ» ጄሲካና ኤልሳቤጥ የሚባሉ መንታ እኅትማማቾችን ይዞ ከ140 በላይ መጻሕፍት ዘለቀ። ሽፋኑ ላይ የሚታየው ኬት ዊሊያም የሚለው የብዕር ስም ነው፤ የሚጽፉት ፓስካል የነደፉትን ይዘው የሚሠሩ ልዩ ልዩ ጸሐፊዎች ነበሩ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለቱም ልጆች ቶድ የሚባለውን ጎረምሳ ይወዳሉ፤ ጄሲካም እሱን ለማግኘት ስትል እኅቷን ትዋሻታለች። ልብ በሉ፦ አንባቢዋን የሚያስጨንቃት ቶድ ማንን ይመርጣል የሚለው ብቻ አይደለም። ይልቁንስ ሁለቱ ልጆች ይጣሉ ይሆን? ቢጣሉስ ይታረቃሉ ወይ? የሚለው ነው።

ጓደኝነቱን በደንብ ለማየት ግን «ዘ ቤቢ ሲተርስ ክለብ» የተባለውን፣ የሞግዚቶች ማኅበር ልንለው የምንችለውን ተከታታይ መጽሐፍ ማንበብ ይሻላል። አን ኤም. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1986 ጀመሩት። እሳቸው በአንድ ወቅት አስተማሪ ነበሩ። ክሪስቲ የምትባል ልጅ፣ እናቷ ሕፃን የሚጠብቅላት ፍለጋ አንድ በአንድ ስትደውል አይታ መላ ትመታለች፤ በአንድ ቁጥር ተደውሎ አራት ልጆች ቢገኙስ? ስብሰባው ክላውዲያ ክፍል ነው፤ ለምን ቢሉ የራሷ ስልክ ያላት እሷ ናት። እኛ ዘንድ ታናሽ ወንድምን መጠበቅ ገንዘብ ሳይሆን ቁጣ ነው የሚያስገኘው፤ ተማሪዎቻችን ይህን ሲያነቡ መሳቃቸው አይቀርም። ሆኖም ሕፃን አዝሎ የቤት ሥራ የሠራ ልጅ ታሪኩ ይገባዋል።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ከባድ ነገርም አለበት። ስቴሲ የምትባለው የስኳር በሽታ አለባት፤ ለአዲሶቹ ጓደኞቿ ግን ትደብቃለች። ጣፋጭ ስትቀርብላት ሰበብ ትፈጥራለች፣ እነሱም ይጠራጠራሉ። የ12 ዓመት ልጅ ሕመሟን ብትናገር ትገለል ይሆን ብላ መፍራቷ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው። በክፍላችን ውስጥም በዝምታ የተቀመጠች እንዲህ ያለች ልጅ ልትኖር ትችላለች። ክላውዲያ ደግሞ በፊደል አጻጻፍ ደካማ ናት፣ ታላቅ እኅቷ እጅግ ጎበዝ ናት። ወላጆቿ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ አንብቢ ስለሚሏት የምትወዳቸውን የናንሲ ድሩ መጻሕፍት ደብቃ ነው የምታነበው። ደራሲዋ የኛን ከደብተር ሥር የምታነብ ተማሪ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጠዋታል ማለት ነው።

ታዲያ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ወቀሳስ? ልክ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው። በሞግዚቶቹ ተከታታይ ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ማን ምን እንደምትለብስና ምን እንደምትወድ ደግሞ ደጋግሞ ይነግረናል። ጎበዝ አንባቢን ይህ ያሰለቻል። ለደካማ አንባቢ ግን ድግግሞሹ እንደ ምርኩዝ ነው። ሰዎቹን፣ ከተማውን፣ የንግግሩን አኳኋን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጉልበቱን ሁሉ በአዲሱ ቃል ላይ ያውላል። ቃሉም በአምስት መጻሕፍት አሥር ጊዜ ሲመላለስ መዝገበ ቃላት ሳይገለጥ ይገባል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ኪዩንግ ሱክ ቾ እና ስቲቨን ክራሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ አሜሪካ የሄዱ አራት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ኮርያውያን፣ እንግሊዝኛን በነዚሁ መንትዮች ታሪክ እንዲያነቡ ተደርጓል። «ስዊት ቫሊ ሃይ» ከበዳቸው። ዝቅ ያለው «ስዊት ቫሊ ትዊንስ»ም ከበዳቸው። ለሁለተኛ ክፍል ሕፃናት የተዘጋጀው «ስዊት ቫሊ ኪድስ» ሲሰጣቸው ግን ማንበቡን ወደዱት፤ ብዙ ቃላትም አገኙበት። አዋቂ ሴቶች የሕፃን መጽሐፍ! ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። በደስታ ያነበበው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳይኖር የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲሰጠው ምን ያድርግ? መሸምደድ ነዋ።

ጉድለቱንም አንሸፍን። መንትዮቹ ጸጉራቸው ወርቃማ፣ ወገባቸው ቀጭን፣ ቤታቸው የተደላደለ መሆኑ በየመጽሐፉ ይነገራል። ይህን መቶ ጊዜ ያነበበች ልጅ መስታወት ፊት ስትቆም ምን እንደሚሰማት ማሰብ አለብን። ቆየት ብሎ የመጡት መጻሕፍት በዚህ ረገድ ተሻሽለዋል። ጄኒ ሃን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት «ቱ ኦል ዘ ቦይስ አይቭ ላቭድ ቢፎር» ባለታሪክ ላራ ጂን እናቷ ኮርያዊት ናት። ለራሷ ብላ የጻፈቻቸው አምስት የፍቅር ደብዳቤዎች ሳታውቅ ይላካሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊልም ሆኗል። እዚህም ቢሆን ልጅቷን የሚያስደነግጣት አንደኛው ደብዳቤ ለታላቅ እኅቷ ወዳጅ የተጻፈ መሆኑ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት? መጀመሪያ ደረጃውን እንለካ። ተማሪው አንድ ገጽ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል ከአምስት ከበለጠ ዝቅ ያለ እንፈልግለት፣ አንኩራራ። ምን ተማርክ? ብለን ቶሎ ቶሎ አናፋጠው፤ ፈተና የሚመስል ከሆነ መጽሐፉ ተመልሶ ይደበቃል። ወንዶቹ «የሴት መጽሐፍ ነው» ይላሉ። የስቴሲን ምዕራፍ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና ልክ ሚስጥሩ ሊወጣ ሲል ማቆም ነው፣ ማን እንደሚቀጥል ይታያል።

ለመልመጃ የሚሆን ሐሳብ ከዚያው መጽሐፍ ይገኛል። ሞግዚቶቹ ከሥራ ሲመለሱ የሆነውን በአንድ የጋራ ደብተር ይጽፋሉ፤ ክላውዲያም በተሳሳተ ፊደሏ ትጽፋለች፣ ማንም አይከለክላትም። በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ለአንድ ረድፍ ተማሪዎች አንድ ደብተር ስጡ። ቤት ውስጥ ታናናሾቻቸውን ሲጠብቁ የሆነውን በየተራ ይጻፉበት። ለሁለት ሳምንት ቀይ እስክሪብቶ አይንካው። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ኑና ስንት ገጽ እንደሞላ በዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን።