የቴኒስ ሜዳችንን ለማደስ ገንዘብ ከየት እናምጣ?

ጥያቄ፦ የአዳማ የሰፈር ቴኒስ ክለብ አባላት ነን። ሜዳችን ተሰነጣጥቋል፤ መረቡም አልቋል። ለእድሳቱ ገንዘብ እንዴት እናሰባስብ?

መልስ፦ ሰው ደጅ ከመጥናታችሁ በፊት ሜዳውን ለኩ። መጫወቻው 23.77 በ10.97 ሜትር ነው። ዙሪያው ያለው መሮጫ ሲጨመር ግን ስፋቱ ወደ 670 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ በጀቱም በዚህ ይሠራ። ዝናብ ካባራ በኋላ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ በኖራ አስምሩና ፎቶ አንሱ። ሜዳው ውኃ የሚያቁር ከሆነ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ተዳፋት ያስፈልገዋል። ያ ሳይስተካከል ቀለም መቀባት ብር መጣል ነው፤ ፎቶውም ለጋሹን ከረጅም ደብዳቤ ይልቅ ያሳምነዋል።

ወጪውን ከፋፍላችሁ ጠይቁ። «ክለቡን እርዱ» የተባለ ነጋዴ ያመነታል፤ «መረቡን ይግዙልን» ሲባል ግን የሚሰጠውን ያውቃል። ሲሚንቶም ሆነ የሙያተኛ ጉልበት በዓይነት ተቀበሉ። የአባላት መዋጮ ግን ይቅደም፤ ራሳችሁ ኪሳችሁን ሳትፈቱ የሌላውን ኪስ መጠበቅ አያምርም።

ገንዘቡ በግለሰብ ሒሳብ እንዳይገባ። በክለቡ ስም፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ፤ ገቢና ወጪውንም በየወሩ ለጥፉ። ሜዳው ያረፈበት መሬት የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሰነድ ሳትይዙ ግን አንድ ብር እንኳ አትሰብስቡ።