መኪናውን አስመረመርን፤ ሹፌሩንስ?

 

መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ብቻውን አይሄድም። መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ጎማውን ያያል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። ከገዛው በኋላም በየዓመቱ ምርመራ ያስገባዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መሪውን የያዘው ሰው ዛሬ ጠዋት ምን መድሃኒት ውጦ እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መድሃኒት ቤት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጉንፋን ይዞት መጣ። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስነጥሰዋል። ክሎርፌኒራሚን ሰጠሁትና አወሳሰዱን ነግሬው ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። «እህቴ፣ የሰጠሽኝ ክኒን ጉንፋኑን አስታግሶልኛል፤ እኔን ግን ሊገድለኝ ነበር» አለኝ። ከምሳ በኋላ ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ ዓይኑ ተከደነ። ረዳቱ ትከሻውን ባይመታው ኖሮ ከፊቱ ከቆመው የጭነት መኪና ጋር ይላተም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። መድሃኒቱም መጠኑም ትክክል ነበር፤ ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥራዎ ምንድን ነው?»

እንቅልፍ የሚያመጡት የትኞቹ ናቸው?

አንጎላችንን ንቁ አድርገው ከሚያቆዩት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሂስታሚን ይባላል። የቆዩት የአለርጂና የጉንፋን መድሃኒቶች ወደ አንጎል ዘልቀው የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታሉ። እንቅልፍ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሹፌር የሆነ ሰው የሚከተሉትን ሲወስድ ሊጠነቀቅ ይገባል፦

1. የጉንፋን፣ የአለርጂና የማሳከክ መድሃኒቶች፦ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፕሮሜታዚን። ብዙ የሳል ሽሮፖችም ከእነዚህ አንዱን ይይዛሉ።

2. ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች፦ ትራማዶልና ኮዴይን።

3. ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለድብርት የሚታዘዙ፦ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን። ዲያዜፓም ማታ ተወስዶ በማግስቱም በሰውነት ውስጥ ይቆያል።

4. የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች፦ ፊኖባርቢታልና ካርባማዜፒን። ይህ ህመም ያለበት ሰው ማሽከርከር ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

5. ለዓይን ምርመራ የሚደረግ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ፦ እንቅልፍ አያመጣም፤ ነገር ግን ለሰዓታት እይታን ያደበዝዛል። ለዚህ ምርመራ ሲሄዱ የሚመልስዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።

«እኔን አያስተኛኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። እንቅልፍ ባይሰማውም ፍሬን ለመያዝ የሚወስድበት ጊዜ ሊረዝም ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ4 ሰከንድ ያንቀላፋ ሹፌር ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሊኖር ይችላል።

መፍትሄው መድሃኒት መተው አይደለም። በተለይ የሚጥል በሽታ መድሃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከእንቅልፉ የባሰ አደጋ ያመጣል። መፍትሄው መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ለአለርጂ ሎራታዲን በተለመደው መጠኑ ብዙውን ጊዜ አያስተኛም። ሴትሪዚንም ከቆዩት ያነሰ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ሰዎችን ስለሚያስተኛ መጀመሪያ በዕረፍት ቀን ወስዶ ራስን ማየት ይበጃል።

የስኳር ህመምና መሪ

ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህ እምብዛም አይታይም። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የዓይን መደብዘዝና ግራ መጋባት ናቸው። ምልክቱ ከተሰማዎ መኪናውን ጥግ ያስይዙ፤ ሞተሩን ያጥፉ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳይሞላ አይንዱ፤ አንጎል ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋልና።

በረመዳን

የስኳር ታማሚ ሹፌር ረመዳን ከመግባቱ 6 ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር፤ የመድሃኒቱ መጠንና ሰዓት መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። እየጾመ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ማፍረስ አለበት። ለታመመና ለመንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ መጠቀም ድክመት አይደለም። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስም ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል፤ ስለዚህ «ጾሜ ይበላሻል» ብሎ ሳይለኩ መንዳት አይገባም።

ጤነኛውም ቢሆን ከተራዊህ በኋላ ዘግይቶ ተኝቶ ለሱሑር ሲነሳ እንቅልፉ ይጎድላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይቀንሳል። አንዲት ጠብታ በአፉ ያልዞረች ሙስሊም በእንቅልፍ ማጣት ብቻ እንደጠጣ ሰው ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። ጫት ደግሞ እንቅልፍን ለጊዜው ይገፋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም፤ ምርቃናው ሲያልቅ ድካሙ ተጠራቅሞ ይመጣል። የሚከፍለው እንቅልፍ ብቻ ነው። ቀን ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይረዳል። ከመግሪብ በፊት ደግሞ ቤት ለመድረስ መሽቀዳደም ይቅር፤ ተምርና ውሃ በመኪናው ውስጥ ካለ አዛን ሲል ጥግ ይዞ ማፍጠር ይቻላል።

መድሃኒት ሲገዙ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

ሀ. እኔ ሹፌር ነኝ፤ ይህ መድሃኒት ያስተኛል ወይ?
ለ. የማያስተኛ ሌላ አማራጭ አለ ወይ?
ሐ. ከወሰድኩ በኋላ ለስንት ሰዓት መንዳት የለብኝም?

እህቶች ሆይ፣ ለባለቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ መድሃኒት የምትገዙት ብዙውን ጊዜ እናንተ ናችሁና እነዚህን ጥያቄዎች ስለ እነርሱ ጠይቁ። ለጎረቤት የታዘዘን ሽሮፕ «ለሳል ጥሩ ነው» ብላችሁ አትስጧቸው። እኛም የመድሃኒት ባለሙያዎች ሳንጠየቅ የመንገር ግዴታ አለብን። ያ ሹፌር ዛሬም ደንበኛዬ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ገና ሳልጠይቀው «እኔ ሹፌር ነኝ» ይለኛል።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።