ድኃ ስለ ምን ድኃ ሆነ

አንባቢ ሆይ፤ በመንገድ ዳር ተቀምጦ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ባየህ ጊዜ፥ እጅህ ወደ ኪስህ ሳይደርስ ልብህ አስቀድሞ ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ሠርቶ አይበላምን? ስንፍናው ነው» ይላል። ሁለተኛው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ የተጻፈበትን ማን ይፍቀዋል» ይላል። ሦስተኛውም የአባቱ ኃጢአት ደርሶበት ይሆናል ብሎ በሹክሹክታ ይናገራል። የሦስቱ ቃል የተለያየ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አንድ ነው፤ ተናጋሪው ምንም ሳይሰጥ በሰላም ያልፋልና።

እንግዲህ መጽሐፍ የሚለውን እንመርምር። መጽሐፈ ምሳሌ ስንፍናን አጥብቆ እንደሚገሥጽ የታወቀ ነው፤ በምዕራፍ 24 የታካቹን ሰው የወይን ቦታ እሾህ እንደ ወረሰው ይነግረናል። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት በምዕራፍ 3 ሊሠራ የማይወደውን ሰው ይነቅፋል። ነገር ግን ልብ በል፤ የነቀፈው ሥራ የጠላውን ነው እንጂ ሥራ ያጣውን አይደለም። ያው መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ በምዕራፍ 13 የድኃው እርሻ ብዙ እህል ሊሰጥ ሲችል ከፍርድ መጓደል የተነሣ እንደሚጠፋ ይናገራል። አንዱን ቃል አንብቦ ሁለተኛውን መዝለል መጽሐፍን ማንበብ አይባልም።

ስለ ጠፋው ልጅ የተነገረውን ምሳሌ፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን፥ ብዙ ጊዜ ሰምተሃል። ይህ ልጅ ስለ ምን ተራበ ብለህ ብትጠየቅ፥ ገንዘቡን በትኖ ነው ብለህ ፈጥነህ ትመልሳለህ። መልካም ብለሃል። ነገር ግን ጌታችን በዚያ አላቆመም። በዚያች አገር ጽኑ ራብ እንደ ሆነ ጨመረ፤ የሚሰጠውም ሰው እንዳልነበረ ተናገረ። በአንድ ሰው ረኃብ ውስጥ የራሱ ጥፋት፥ የዘመኑ ክፋትና የጎረቤቶቹ ልብ መድረቅ አብረው ይገኛሉ ማለት ነው። እኛ ፊተኛውን ብቻ ይዘን እንፈርዳለን፤ ኋለኛው ግን የሚመለከተው እኛን ራሳችንን ነው።

ይህ ነገር በአገራችን እርሻ እንዴት እንደሚሆን ተመልከት። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ዝናም መሬቱን እንዳራሰለት ይገምሳል፥ ይደግማል፥ ይሠልሳል፤ ለጤፍ የሚሆነውንም ከዚያ በላይ እየመላለሰ ያለሰልሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ እየተፈራረቀ ያርሳል። በሬ የሌለው ግን አስቀድሞ የባለ በሬውን እርሻ በጉልበቱ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በሬውን ተቀብሎ ወደ ራሱ መሬት ይመለሳል፤ አለዚያም መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ስለዚህ ዘሩ ይዘገያል፤ ዝናሙም ቀድሞ ከወጣ እህሉ ሳያፈራ ይቀራል። ያገኘውንም ጥቂት በጥር ወር፥ እህል በሚረክስበት ጊዜ፥ ለዕዳው ይሸጣል፤ በነሐሴም፥ እህል በሚወደድበት ጊዜ፥ ለልጆቹ መልሶ ይገዛል ወይም በአራጣ ይበደራል። ይህ ሰው በሁለት እርሻ ላይ የደከመ ሰው ነው። እርሱን ሰነፍ ማለት ሐሰት መመስከር ነው።

ልጁስ? ልጁ ያለ በሬ ተወለደ። ገና ትንሽ ሳለ የሰው ከብት ሊጠብቅ ይቀጠራል፤ ከብት የሚጠብቅም ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታ እርሱም ወላጆቹም ስለ በደሉ እንዳልሆነ መለሰላቸው፤ ይህም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ከዚያም ክርክሩን ትቶ ሰውየውን ፈወሰው። እኛ ግን በሸክላ ሠሪዋ ድስት ወጥ እየበላን፥ በቀጥቃጩ ማረሻ እያረስን፥ ትውልዳቸውን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገሩ ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል።

«ባሪያ ሆኖ ሳለ ትልቅ ሰው የሆነ አለ፤ ሌሎቹስ ስለ ምን አይሆኑም?» የሚል ይኖራል። ሒካ የተባለውን የኦሮሞ ልጅ ያስባል። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ ከእናቱ ተሰርቆ ብዙ ጊዜ ተሸጠ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው በምፅዋ ገዝቶ ነጻ አወጣው። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር፥ እርስዋም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ነበረች፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ደከመ፤ መጽሐፉም በ1899 ታተመ። ትጋቱ የራሱ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ዋጋውን የከፈለ ሌላ ሰው ነው፤ ፊደልም ያስቈጠሩት ሌሎች ናቸው። ከእርሱ ጋር በአንድ መንገድ ተነድተው የተሸጡት ልጆች በስንፍና አልቀሩም፤ የሚቤዣቸው አጡ እንጂ።

ይህን ስል ድኃው ምርጫ የለውም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ማለት እርሱን ከሰውነት ማውጣት ነው። የገበያ ቀን ገንዘቡን በጠላ ቤት የሚጨርስ አለ፤ ለሠርግና ለተዝካር ሲል በሬውን የሚሸጥም አለ፤ ወዳጁ ሊመክረው ይገባል። ነገር ግን በዚያው ድግስ ጠግበህ የተነሣህ አንተ ከሆንህ፥ ደግሞም ባይደግስ «ቈጣቢ» ብለህ የምታማው አንተ ከሆንህ፥ ምክርህን አስቀድመህ ለራስህ ስጥ።

በቤትህ ከገጠር መጥታ እንጀራ የምትጋግር ልጅ አለችን? ልጆችህ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እርስዋ ወዴት እንደምትሄድ ተመልከት፤ በቀን ስንት ሰዓት ልትለቅቃት እንደምትችል ከሚስትህ ጋር ተማከር። በሬ ካለህም በሬ ለሌለው ጎረቤትህ ከዘር ቀን በፊት ቀን ቍረጥለት። እህል ብታበድረው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ታዘዘው ወለድ አትውሰድበት፤ የሰጠኸውንም ልክ በዚያው ቍና ተቀበል።